በምድጃ ዳር የዋሉ ብልቃጦች

አሰላ፣ ጥር 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለዘይቱና፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሰላምታው አንድ ገጽ ተኩል ነው፤ ቀኑ ግን አልተጻፈበትም። ቀን የሌለው ደብዳቤ ቀን እንደሌለው የበሽተኛ ካርድ ነው፤ ከምን ተነስቼ ምን እንደምቆጥር አላውቅም። ስድስት ዓመት እኔ ቤት ተቀምጠሽ ስትማሪ ይህን ሳላስተምርሽ የቀረሁ አይመስለኝም።

አስያ ደህና ናት። ደህና ናት ብቻ ብዬ ብተው ስለማታምኚኝ በዝርዝር እነግርሻለሁ። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ከሄድሽ ወዲህ ሁለት ጥርስ አብቅላለች። ሥጋዋን ከእስላም ሥጋ ቤት ነው የማስመጣላት፤ ድስቷም ለብቻዋ ነው። ቀኑን ሙሉ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ሁሴኖ በረንዳ ላይ ከልጁ ከከዲሮ ጋር ቁርጥራጭ ጨርቅ ስትለቅም ትውላለች። የት ሄደች ስትለኝ፣ እናትሽ ልጆች ልትከትብ በበቅሎ ሄደች ስላልኳት፣ በመንገዱ የሚያልፈውን በቅሎ ሁሉ እያስቆመች ትጠይቃለች። ባለቤቶቹ ሥራ ፈትተዋል።

አሁን ወደ ሌላው ጥያቄሽ። ለእናቶቹ የምታሳዪው ሥዕል በሰውነት ውስጥ ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች አሉበት ብለሻል። አንዲት እናትም «ወታደሩን ከማን ቤት ነው የምትወስዱት?» ብላ ጠየቀችኝ ብለሻል። እኔ ብሆን ሥዕሉን አጥፌ ከሣጥን ሥር አስቀምጠው ነበር። ልጇ ለዘመቻ የሄደባት ሴት ፊት ስለ ወታደር አይወራም።

ሁሴኖን ተጠቀሚበት። እንዲህ በያቸው። በደማችን ውስጥ ነጫጭ ሕዋሳት አሉ። አንዳንዶቹ በር ላይ ተቀምጠው የመጣውን ሁሉ ሳይመርጡ የሚውጡ ናቸው፤ ቁስል ላይ የምናየው መግል የነሱ ሬሳ ነው። ሌሎቹ ግን ልብስ ሰፊዎች ናቸው። ለእያንዳንዱ ጀርም በልኩ ሰፍተው፣ በሰፉት አስረው ነው የሚይዙት። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ሁሴኖ መለካት አለበት፣ ወረቀት መቁረጥ አለበት፣ መሞከር አለበት፤ ይህ ሁሉ አሥር ቀን ይፈጃል። ኩፍኝ ቤቱን የሚያፈርሰው በነዚያ ቀኖች ነው። ልጁ ከተረፈ የዚያ ደንበኛ ወረቀት ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ያው ደንበኛ ከሃያ ዓመት በኋላ ቢመለስ ሁሴኖ አይለካም፤ ወረቀቱን አውርዶ ወዲያው ይቆርጣል። ሰውየው መታመሙን እንኳ ሳያውቅ ያልፋል። ክትባት ማለት ጉልበቱ የደከመ ደንበኛ መላክ ነው። ለመለካት ያህል ይቆማል፤ ለማፍረስ አቅም የለውም።

ዘጠኝ ወር እስኪሞላው ለምን እንጠብቃለን ላሉሽም፣ ሕፃን ሲወለድ የእናቱን ነጠላ ለብሶ ነው የሚወለደው በያቸው። እሷ በሕይወቷ ያሰፋችው ሁሉ ለጥቂት ወራት ያለብሰዋል። ነጠላው ላዩ ላይ ሳለ ብትለኪው ልኩ አይገኝም፤ አልቆ ሲወልቅ ነው የሚለካው።

ልብስ ሰፊው የነሱ መንደር ሰው ይሁን። ሁሴኖን አያውቁትም።

የውብዳር

—

ዲክሲስ፣ የካቲት 4 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእማማ የውብዳር፣

ቀኑን ከሁሉ በፊት ነው የጻፍኩት። እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ናፍቆት ብቻ ነው። ሰላምታዬን እዚህ ላይ አቁሜያለሁ፤ የቀረውን በልብዎ ይሙሉልኝ።

ልብስ ሰፊው ሥራውን ሠራ። ኅዳር ላይ አርባ ሦስት ልጆች የከተብኩበት ግቢ፣ የወይዘሮ ውድነሽ ግቢ ትዝ ይልዎታል። ሴቶቹ ሲፈሩ፣ ያኔ አብራኝ የነበረችውን አስያን ከሁሉ በፊት እዚያው ፊታቸው ወግቻት ነበር። እሷ አልቅሳ ሳትጨርስ ነበር ሌሎቹ የተሰለፉት። ትናንት ደግሞ ላልመጡት ለማስረዳት ተመልሼ ሄድኩና የመንደሩን ሰፊ ስም ጠርቼ ጀመርኩ።

ወይዘሮ ውድነሽ፣ «እሱን ነው ልጆቻችን ውስጥ ያስገባሽው?» አለች። «ዘንድሮ ቀሚሴን እንዴት አድርጎ እንዳጠበበው አላየሽም። አሁኑኑ አውጪልን።»

ሌላዋ፣ «ልኩን ይዞ ሲያበቃ ቢሰክርስ?» አለች።

«ይኼኛው አይጠጣም» አልኳት።

«ታዲያ ልብስ ሰፊ አይደለማ።»

ሲስቁ ቆዩና አሥራ አንድ ሴቶች ስማቸውን አስመዘገቡ። ከሥዕሉ ጋር ሁለት ወር ለፍቼ አራት ነበር ያገኘሁት።

የአስያ አባት ቱሳ አሁንም አቦምሳ እህል እየጫነ ነው። በእርስዎ በኩል ካለፈ እንዲበላ ያድርጉት፤ መኪናው ላይ ሲሆን ምግብ ይረሳል። አንድ ነገር ግን ሰምቻለሁ። የአውቶቡሱ ረዳት አሰላ ላይ ኩፍኝ ገብቷል አለኝ። እውነት ከሆነ መጥቼ አስያን ልውሰዳት?

ልጅዎ ዘይቱና

—

አሰላ፣ የካቲት 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለዘይቱና፣

አትምጪ። የሰማሽው እውነት ነው፤ ነገር ግን ላልተከተቡት ነው የሚያስፈራው።

ከዲሮ ከያዘው አራት ቀን ሆነው። ሁሴኖ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልጁን በምን እንደሚያሳድግ ግራ የገባው ሰው ነው፤ ሰው ሁሉ የነገረውን አንድ በአንድ አድርጎ ጠበቀኝ። ልጁን ጨለማ ክፍል አስተኝቶ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ደፍኖ፣ ፊቱን ሳያጥብ።

«እማማ፣ ውኃ ከነካው ሽፍታው ወደ ውስጥ ይመለስበታል ብለውኛል» አለኝ።

«ማን ነው ያለህ?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም ካለህ ማንም አላየውም ማለት ነው። መስኮቱን ግማሹን ክፈት። ብርሃኑ ዓይኑን ያመዋል እንጂ አያጠፋውም፤ የሚያጠፋው ረሃቡና ቆሻሻው ነው።»

ዓይኑን ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አጠብኩ፤ ስኳርና ጨው በልኩ በውኃ በጥብጬ ሰጠሁት። ትኩሳቱ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አምስት ነው። ሁሴኖ ፈርቶ ነበር፤ ትኩሳቱ የሰፊዎቹ ቤት መብራት ነው፣ ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው አልኩት። እንዳያቃጥለው እንጠብቃለን እንጂ በመብራቱ አንቆጣም።

አስያን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይዣት ነው የምገባው። ከዲሮ ከኔ እጅ ወተት አይቀበልም፤ ከእሷ እጅ ግን ይጠጣል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ጠጣ፣ አንተ» ስትለው ትእዛዝ ነው። ሌላ ልጅ ብትሆን በሩን አላስረግጣትም ነበር። እሷ ግን ተከትባለች፤ ካርዷ መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ቀኑም ተጽፎበታል።

የውብዳር

—

ዲክሲስ፣ የካቲት 25 ቀን 1975 ዓ.ም.

እማማ፣

ይህን በአውቶቡሱ ረዳት እጅ ነው የምልከው። እባክዎ እንዳነበቡት አስያን ከከዲሮ ያርቁልኝ።

ዛሬ ወይዘሮ ውድነሽ እንቁላል ይዛልኝ ክሊኒክ መጣች። ፍሪጁን ከፍቼ የሌላውን ክትባት ብልቃጦች ስቆጥር አየችና ሳቀች። «እኔ ባላሞቅልሽ ኖሮ ኅዳር ላይ የኛ ልጆች በብርድ ያልቁ ነበር» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቅኳት። ያኔ የበረዶውን ሣጥን እሷ ቤት አስቀምጬ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ነበር የዋልኩት። እሷ ሣጥኑን ከፍታ ብልቃጦቹን ስትነካ እንደ በረዶ ሆኑባት። በዚህ በዲክሲስ ብርድ ይህ ሕፃን ሰውነት ውስጥ ሊገባ ነው ብላ ደነገጠች። አውጥታ በጋቢ ጠቅልላ ምድጃው ዳር አዋለቻቸው። ስመለስ እንዳላፍር ብላ በየቦታቸው መልሳልኝ፣ በማግሥቱ እኔ ከፍቼ ወጋሁ።

«ብርድ የሳንባ ጠላት ነው፤ ይህን እናንተ አትማሩም?» አለችኝ፤ እጄንም ይዛ አሸችው፤ እጄም ቀዝቅዞ ነበር።

አርባ ሦስቱም ልጆች ሙቀት ከገደላቸው ከነዚያ ብልቃጦች ነው የተከተቡት። አስያም።

የማኅበሩን ሊቀ መንበር ጓድ ጉደታን አነጋገርኩት። ሪፖርቱ አውራጃ ደርሷል፣ ተመስግነንበታል አለኝ። «አሁን መድኃኒቱ የሞተ ነበር ብትያቸው ሁለተኛ ክንድ አይሰጡሽም። ለማጠናከሪያ ነው ብለሽ ድገሚው» አለኝ። ውድነሽንም እናቶቹ ይበሏታል አለ። አዲስ ብልቃጦች መጋቢት 5 ይመጣሉ፤ ያለኝ በረዶ ለሁለት ቀን ብቻ ነው። ኩፍኙም ከታች ወደኛ እየወጣ ነው።

ምን ልበላቸው? ልምጣ? አስያስ?

ዘይቱና

—

አሰላ፣ የካቲት 26 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለዘይቱና፣

ደብዳቤሽን ዛሬ ጠዋት ተቀበልኩ። ያለውን ሳልቀንስ እነግርሻለሁ። አስያ ከየካቲት 17 ጀምራ በየቀኑ በከዲሮ ትንፋሽ ውስጥ ነበረች። እዚህ ክሊኒክ ወስጄ ብከትባትም በሽታውን አይቀድምም፤ ክትባቱ የሚቀድመው በሦስት ቀን ውስጥ ከሆነ ነው፤ እኛ ዘጠኝ ላይ ነን። ጉሮሮዋን አየሁ፣ ሙቀቷን ለካሁ፤ ዛሬ ምንም የለባትም። ከዚህ በኋላ ጠዋትና ማታ እለካለሁ። ከብልቃጦቹ አንዱ እንኳ በሕይወት ተርፎ ከሆነ እናየዋለን። ሕፃን ይዤ የበሽተኛ ክፍል መግባት እንደሌለብኝ የተማርኩት ገና በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ካርድ አምኜ ተላለፍኩት።

አንቺ እዚያው ቆዪ። እዚህ ለአንዲት ልጅ እኔ አለሁ፤ እዚያ ለአርባ ሁለቱ ከአንቺ በቀር የለም።

ለእናቶቹ እውነቱን ንገሪ። ለምን እንደምልሽ ደግሞ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። በ1945 ዓ.ም. ለፈንጣጣ ክትባት ገጠር ወጥቼ ነበር። ኮርቻው ጎን የታሰረውን መድኃኒት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ዋለ። እንደተበላሸ አውቄአለሁ። ብመለስ አለቃዬ ሲስተሯ ይቆጡኛል ብዬ ሦስት መቶ ሰው ከትቤ መዝገቡን ሞላሁ፤ ጽሕፈቴም አማረ። በሁለተኛው ዓመት በዚያው መንገድ ሳልፍ አንዲት ልጅ በድምፄ አወቀችኝ። በድምፄ ያወቀችኝ ፈንጣጣ ዓይኗን ስላጠፋው ነው። «አንቺ ነሽ የከተብሽኝ» አለችና እጄን ሳመችው። ባትከትቢኝ ኖሮ ሞቼ ነበር ብላ አመሰገነችኝ። በቅሎዬን ነድቼ መንገዴን ቀጠልኩ።

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ነው። ጓድ ጉደታ የሚልሽን ብታደርጊ አንቺም መዝገብሽ ያምራል።

ውድነሽን ግን አታዋርጂያት። ሣጥኑ እንዳይከፈት ነግረሻታል? ለምን እንደማይከፈትስ? ጥፋቱን ስትናገሪ ከራስሽ ጀምሪ።

የውብዳር

—

አሰላ፣ መጋቢት 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለዘይቱና፣

በአጭሩ እጽፋለሁ፤ ሥራ አለብኝ። ከነገ ወዲያ ብልቃጦቹ ሲመጡልሽ፣ በረዶው ከላይም ከታችም ይሁን። ሣጥኑን ጥላ ውስጥ አኑሪ። የበጠበጥሽውን ቀዝቃዛ ጽዋ ውስጥ አቁሚው፤ ከቀትር የተረፈውን ለነገ አትበይ፣ ድፊው። የክትባቱ ዱቄት ውስጥ ያለው ጀርም ደካማ ነው እንጂ ሕያው ነው፤ በሕይወት ካልደረሰ ሰፊው ባዶ ወረቀት ነው የሚሰቅለው። ይህን ለውድነሽ በዚሁ ቃል ንገሪያት፤ ብልህ ሴት ትመስለኛለች፤ ይገባታል።

ከዲሮ ድኗል። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ክር ያጠነጥናል። ሁሴኖ ሰላም ይልሻል።

የውብዳር

—

ዲክሲስ፣ መጋቢት 8 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለእማማ የውብዳር፣

ደብዳቤዎን አምስት ጊዜ አነበብኩት። በረዶው አለ፤ ጽዋው አለ፤ ከዲሮ አለ። ስለ አስያ አንድ ቃል የለበትም። እርስዎ ቃል ረስተው አያውቁም። ስለዚህ የማውቀውን አውቄ ነው ሥራውን የጨረስኩት። አልመጣሁም። ለምን እንዳልመጣሁ ልንገርዎ፤ ከዚያ እርስዎም ይነግሩኛል።

ሴቶቹን ውድነሽ ግቢ ሰበሰብኳቸውና ከራሴ ጀመርኩ። ኅዳር ላይ ልጆቻችሁን የወጋሁበት መድኃኒት የሞተ ነበር አልኩ። ሣጥኑን ትቼ ስብሰባ ሄድኩ፤ እንዳይከፈት አልነገርኩም፤ ሳልመረምር ወጋሁ። የኔም ልጅ ከነሱ አንዷ ናት፤ አሁን አሰላ ኩፍኝ ቤት ውስጥ ናት። ጓድ ጉደታ መሬት መሬት ያያል።

ወይዘሮ ውድነሽ ተነሳች። «ሐኪሟ እኔን ደብቃ ነው እንጂ መድኃኒቱን የገደልኩት እኔ ነኝ። እንደ ጫጩት ምድጃ ዳር ታቅፌ ዋልኩ» አለች።

ከኋላ አንዷ፣ «ስንት ፈለፈልሽ ታዲያ?» አለቻት።

ሳቁ መጣ፤ ሁሉም ግን አልሳቀም። አንዲት እናት ልጇን አዝላ «ሁለት ጊዜ አልሞኝም» ብላ ወጣች። ሌሎች አራትም ተከተሏት። አልጠራኋቸውም። ሠላሳ ሰባቱ ክንዳቸውን ሰጡ። ውድነሽ ቀኑን ሙሉ ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ብልቃጥ በፈለግኩ ቁጥር «ስንት?» ትለኛለች፤ ቆጥራ አውጥታ ቶሎ ትዘጋለች፤ እንደገና ትቀመጣለች። ጓድ ጉደታ ትንሽ ልየው ብሎ ክዳኑን ቢነካ እጁን መታችው። «ጓድ፣ ሙቀት ታስገባለህ» አለችው።

ማታውን ከወጡት አምስት እናቶች ሦስቱን እቤታቸው ድረስ ሄዳ አምጥታልኛለች። ሁለቱ ቀርተዋል። ነገም እሄዳለሁ ብላለች። ከትናንት ጀምሮ ታች ባለው መንደር ኩፍኝ ታይቷል፤ ከኛ እስካሁን አንድም የለም።

አሁን እርስዎ ይንገሩኝ፤ የልጄ ሙቀት ስንት ነው?

ዘይቱና

—

አሰላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለዘይቱና፣

የልጅሽ ሙቀት ዛሬ ጠዋት ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት ነው። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት የቀረውን ረጋ ብለሽ እንድታነቢ ነው።

የካቲት 28 ማታ ሠላሳ ስምንት ተኩል ሆነች። ዓይኗ ቀላ፣ አፍንጫዋ ፈሰሰ፣ ጉንጯ ውስጥ ነጫጭ ነጥቦች አየሁ። መጋቢት 1 ሽፍታው ከጆሮዋ ሥር ጀመረ። የመጋቢት 3ቱን ደብዳቤ ስጽፍልሽ ጭኔ ላይ ነበረች፤ ሙቀቷ አርባ ነበር። ስለ በረዶው የጻፍኩት ሁሉ በግራ እጄ እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ ይዤ ነው። ብነግርሽ ትመጫለሽ፤ ብትመጪ በረዶው ይቀልጣል፤ ይህን አስቤ ነው ያልነገርኩሽ። ነገር ግን መምረጥ ያለብሽ አንቺ ነበርሽ፤ እናቷ አንቺ ነሽ። ሁለት ጥፋት አለብኝ፤ ያንን ክፍል ይዣት መግባቴና ይህ። ለሁለቱም ይቅርታሽን እጠይቃለሁ። ቱሳ በመካከሉ መጥቶ ሁለት ቀን ሰንብቶ ነበር፤ እንዳይነግርሽ ያስማልኩት እኔ ነኝ፤ እሱን አትቆጪው።

መጋቢት 4 ከሁሉ የከፋው ቀን ነበር። ትንፋሿን በሰዓት ስቆጥር ዋልኩ። ሁሴኖ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ጨለማ አድርጉ አላለም፤ ራሱ መስኮቱን ግማሹን ከፈተው፤ ዓይኗ የሚታጠብበትን ውኃ አፍልቶ አቀዘቀዘ። ከዲሮን ደግሞ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠው፤ እሱ አሁን አይያዝም፤ የሱ ወረቀት ተሰቅሏል። ልጁ ጽዋውን ይዞ «ጠጪ፣ አንቺ» አላት። ልክ እሷ ትለው እንደነበረው። ዓይኗን ሳትገልጥ ጠጣች።

መጋቢት 7 ሽፍታው መክሰም ጀመረ፤ ትኩሳቱም ወረደ። በማግሥቱ ሥጋ አማረኝ አለች። ጾም ገብቷል፤ እኔ መቅመስ ስለማልችል የሾርባውን ጨው የምትነግረኝ ራሷ ናት። ሦስት ጊዜ አስጨምራኛለች። እስካሁን ትንሽ ትስላለች፤ ሳንባዋ ግን ንጹሕ ነው፣ ጆሮዋ አይፈስም፣ ዓይኗ ጤነኛ ነው። ከሲታለች። አንድ ወር በደንብ መመገብ አለባት፤ ኩፍኝ ሰፊዎቹን አድክሞ ነው የሚሄደው፤ ለሌላ በሽታ በሩ ገርበብ ብሎ ይቆያል። ስለዚህ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ሰው ከበዛበት አልወስዳትም። ከዚያ በኋላ ኩፍኝ ዕድሜዋን ሙሉ አይነካትም። ያንቺ ብልቃጥ የሰጣት ባዶ ወረቀት ነበር፤ አሁን ግን በራሷ ሰፊ የተለካ ወረቀት አላት። በዚህ መንገድ እንዲሆን አልፈልግም ነበር። ቢሆንም ተሰቅሏል።

ውድነሽን ሰላም በይልኝ። ሣጥኑ ላይ እንድትቀመጥ ደመወዝ ይቁረጡላት ብዬ ለአውራጃው ብጽፍ ደስ ባለኝ። ያላመጣቻቸው ሁለት እናቶች ቤት ስትሄዱ አብረሻት ሂጂና ስለ እኔ ንገሪያቸው፤ ስለዚያች ዓይኗ ስለጠፋ ልጅም ጭምር። ስሜን ብትጠሪ አልቃወምም። ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ ካልጠቀመ ለምን ተቀመጠ።

ሁሴኖ ለአስያ ቀሚስ እየሰፋላት ነው፤ አረንጓዴ። ትናንት ሲለካት ከጥር ልኳ ሁለት ጣት ጎድላለች። እኔ በዛሬው ልክ ስፋው አልኩት። «አይ እማማ፣ በጥር ልኳ ነው የምሰፋው። ይህ የሚመለስ ነው» አለኝ፤ የድሮውንም ወረቀት ከሚስማሩ አወረደ። አልተከራከርኩትም። ሥራውን ያውቃል።

በቃሌ አምነሽ እንደማትቀመጪ ስለማውቅ እጇን በሚቀጥለው ገጽ ላይ አስቀምጬ ዙሪያውን በእርሳስ ከብቤልሻለሁ። ያንቺ መዳፍ ላይ አድርገሽ ለኪው። አውራ ጣቷ ላይ መስመሩ ተጣሞ ወጥቷል፤ አስተካክዬ ልሠራው ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ እጇን መንጭቃ በቅሎ ልታይ ወደ በር ሮጠች። ተጣሞ እንዳለ ልኬዋለሁ።

የውብዳር